«የለም» ማለት ያልቻለው ስድስት ቁጥር ማሽን

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ እጅ ጽሑፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፊደሎቼ ነፋስ እንደሚገፋቸው ሰዎች ወደ ቀኝ ያዘነበሉ ናቸው። ሃሌታው ሀ የት እንደሚገባ፣ ሐመሩ ሐ የት እንደሚቀመጥ ለይቼ ስለማላውቅ ቀድሞ እጄ ላይ የመጣውን እጽፋለሁ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ያቆምኩ ልጅ ነኝ፤ ስህተት ስታገኙ ሳቁና እለፉ፤ ማለፉን ግን እንዳትረሱ።

ይህ በእጃችሁ ያለው ደብተር «የጥፋት ደብተር» ይባላል። ባምቢስ አካባቢ ባለው የኮምፒውተር ማሠልጠኛችን ውስጥ አንድ ደንብ አለ፤ ማሽን ያደረቀ፣ ማለትም አልንቀሳቀስ እንዲል ያደረገ ሰው እንዴት እንዳደረቀው ለሚቀጥለው ሰው ይጽፋል። በኮምፒውተር ሳይሆን በብዕር፣ በእጁ። አስተማሪያችን ቲቸር መስፍን «ጣቱን ያመመው ሰው አይረሳም» ይላል። ደንቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ጸሐፊዎቹ ጋ ነው። ወደ ኋላ ገልጣችሁ ብታነቡ አንዱ «በመብራት ምክንያት» ይላል፣ ሌላው «ማሽኑ ስላረጀ» ይላል፣ አንዷ ደግሞ «እኔ ስመጣ ደርቆ ነበር» ብላ ቆንጆ አድርጋ ፈርማለች። ጥፋተኛ የሌለበት የጥፋት ደብተር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸውላችሁ።

እኔም ከእነሱ አልሻልም። መስከረም ላይ «ስድስት ቁጥር ማሽን ደረቀ» ብዬ አንድ መስመር ጽፌ ሄጃለሁ። ማን እንዳደረቀው፣ ለምን እንደደረቀ አልጻፍኩም። አሁን ግን ታኅሣሥ ሊያልቅ ነው፤ ጥር ደግሞ ለእኛ ቤት ቀላል ወር አይደለም። ስለዚህ ገጹን እንደገና፣ በትክክል ልጽፈው ቆርጫለሁ። ሰው እያየኝ መጻፍ ስለሚያቅተኝ ሠልጣኞቹ ምሳ ሲወጡ ነው የምጽፈው። ከአንድ ምሳ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ይፍጅ።

እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው «የለም» ከምትለው ቃል ነው። ይህች ቃል ከሦስት ፊደል አትበልጥም፤ ግን ከአፋችን አትወጣም። ሱቅ ሄዳችሁ ስኳር ብትጠይቁ ባለሱቁ «የለም» አይላችሁም፤ «ከሰዓት ብቅ በሉ» ይላችኋል። ልብስ ሰፊው «አልጀመርኩትም» አይልም፤ «ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው» ይላል። ቢሮ ብትሄዱ ፋይላችሁ የጠፋባት ሴትዮ ፋይሉ ጠፋ አትልም፤ ትፈልጋለች። ሰኞ ትፈልጋለች፣ ሐሙስ ትፈልጋለች፣ እናንተም ወንበሩ ላይ እያረጃችሁ ትጠብቃላችሁ። ተዉት ብትላችሁ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ቤታችሁ ትገቡ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ላሟ የለችም ብሎ ቁርጡን የሚነግረን ሰው ስለጠፋ አንጋጠን ቀረን።

ይህን ጠባይ የሰው ብቻ አድርጌ አስብ ነበር። የማሽንም ነው።

ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ውስጥ ቲቸር መስፍን «ኢተሬተር» የሚለው ነገር አለ። እኔ ታክሲ ተራ ላይ ካለው ተራ አስከባሪ ጋር አመሳስዬ ነው የያዝኩት። ቡልጋሪያ ሰፈር ታክሲ ጥበቃ ቆማችሁ ታውቁ የለ? ተራ አስከባሪው ታክሲዎቹን ሁሉ ኪሱ ውስጥ አልያዘም። «ቀጣይ» ስትሉት አንድ ታክሲ ያቀርባል፤ ደግሞ «ቀጣይ» ስትሉት ሌላ። በቃ ሥራው ይኸው ነው። አሁን የሱ ታክሲዎች አሥራ ሁለት ናቸው እንበል፤ ሰው አራግፈው እየዞሩ ተመልሰው ይሰለፋሉ። እንግዲህ ይህ ተራ አስከባሪ «አለቀ» የሚልበት ቀን የለም። አሥራ ሁለተኛው ሲሄድ አንደኛው መጥቷል። ማለቂያ የሌለው ኢተሬተር ማለት እሱ ነው። አንድ አንድ እያላችሁ እስከጠየቃችሁት ድረስ ከሱ የሚሻል ሠራተኛ የለም። የሚያደርቃችሁ ሌላ ነገር ስትጠይቁት ነው።

ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ማሠልጠኛው ውስጥ ምን እንደምሠራ ልንገራችሁ። የገባሁት በመጥረጊያ ነው። ጠዋት እጠርጋለሁ፣ ቀን ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። መማሪያ ወረቀቶቹን በማነሳበት ጊዜ ማንበብ ጀመርኩ፤ የማይገባኝን ሁለት ጊዜ አነሳዋለሁ፣ አንዱን ለራሴ። ቲቸር መስፍን አንድ ቀን ያዘኝ። ይቆጣል ብዬ ግድግዳው ውስጥ ልገባ ስል፣ «ስድስት ቁጥር ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ‹ገ› የምትለው ቁልፍ ወልቃለች። ከጠረግሽ በኋላ ተቀመጪበት» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለ ወንበር ነኝ። ‹ገ›ን የምጽፈው በእስክሪብቶ ጫፍ ቀዳዳዋን ወጋ እያደረግሁ ነው።

ቤታችን ካዛንቺስ ነበር። «ነበር» የምለው ሰፈሩ ሲነሳ ለእኛ ገላን ስለደረሰን ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሌላው ጎረቤት አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ሄደ። ጥቂቶች ቂርቆስ አካባቢ ተከራይተው ቀሩ። ከካዛንቺስ ያልተነሳ ነገር ቢኖር የእናቴ የጽዋ ማኅበር ነው። የቂርቆስ ማኅበር ነው፤ ወር በገባ በአሥራ አምስት አንዷ ቤት ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጸለያል፤ ማብቂያው ላይ ባለተራዋ ጽዋውን ለቀጣይዋ ታስረክባለች። አሥራ ሦስት ሴቶች ናቸው። እማዬ ወደ ማኅበሩ የገባችው እኔን አርግዛ ነው፤ ስወለድ ገንፎ ያገነፉት፣ አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን ከቤታችን ያልወጡት እነሱ ናቸው። እማዬ ሌላ ዘመድ የላትም። ይህንን ያዙልኝ።

ሰው ሲበተን ተራው ተምታታ። አንዷ «የኔ ባለፈው ነበር» ስትል ሌላዋ «እሱ የሐምሌው ነው» ትላለች። የማኅበሩ ሰብሳቢ እትዬ አስካለ ባምቢስ መጥታ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ስታስነሳ ይህን ችግር ነገረችኝ። እኔም፣ ለወትሮው ሰላምታ እንኳ በዓይኔ የምሰጠው ልጅ፣ «ማሽኑ ተራ ሊጠራላችሁ ይችላል» አልኳት። አፌ ነው ያመለጠኝ። እትዬ አስካለ ግን ያመለጠ ነገር አታልፍም።

«እንዴት ያለች ልጅ ናት! ቅዳሜ እንመጣለን።»

አሁን የሚከብደኝ ቦታ ደረስኩ። በዚያው ሳምንት እማዬ መልእክት ሰጥታኝ ነበር፤ «አስካለን ስታገኚያት ‹እማዬ ከማኅበሩ ወጥታለች› በያት። ሰው ሦስት ታክሲ ይዞ፣ አራት ፎቅ ወጥቶ ጠላ ሊጠጣ አይመጣም። ሳያስቡብኝ በፊት እኔ ልውጣላቸው» አለችኝ። ይሉኝታ ነው። እኔም «እሺ» አልኩ። ማክሰኞ እነግራታለሁ አልኩ፣ ረቡዕ አልኩ፣ ሐሙስ እትዬ አስካለ ራሷ ደውላልኝ ስለ ቅዳሜው ብቻ አውርተን ዘጋን። «የለችም» የምትለዋን ቃል ሳልላት ቀረሁ። ከዚያ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ስሞቹን ማሽኑ ላይ ስጽፍ የእማዬን ስም ተውኩት። አሥራ ሁለት ስም ጻፍኩ። እኔ መናገር ያቃተኝን ማሽኑ ይናገርልኝ ብዬ ነው።

ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ እትዬ አስካለና እትዬ ጽጌ መጡ። እትዬ ጽጌን ለማታውቋት፣ ቀብር ላይ እንኳ ሰው ታስቃለች። ወንበር ስቤ ስድስት ቁጥር አጠገብ አስቀመጥኳቸው። «ቀጣይ» የሚለውን ስጫን የእትዬ ጽጌ ስም መጣ፤ አነበብኩላቸው።

«ኧረ በሕግ! ገና ድስቴ ሳይደርቅ?» አለች።

«ዓመት ሆኖሻል ጽጌ፤ ድስትሽ ሌላ ነገር ነው ያረጠበው» አለች እትዬ አስካለ፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞራ፣ «ማርቲ፣ የእናትሽስ መቼ ነው? የአበራሽን ተራ ፈልጊልን» አለችኝ።

እንግዲህ «ወጥታለች» የምልበት ሰዓት ይህ ነበር። አላልኩም። በምትኩ እየተጣደፍኩ ጻፍኩ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለማሽኑ ያልኩት ይህን ነው፤ «ቀጣይ፣ ቀጣይ እያልክ ሂድ፤ ‹አበራሽ› የሚል ስም ስታገኝ ቁምና ስንተኛ እንደሆነች ንገረን።» የለችም ይላል፣ እኔም አንገቴን እደፋለሁ፣ ነገሩ ያልቃል ብዬ ነው።

አላለም። ምንም አላለም። ስክሪኑ ላይ ያለችው ትንሽ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ተራ አስከባሪው አንደኛዋን አየ፣ አይደለችም። አሥራ ሁለተኛዋን አየ፣ አይደለችም። ከዚያ እንደገና አንደኛዋ መጣች፤ እሱ ግን ከዚህ በፊት አይቻታለሁ አይልም፤ ለሱ ሁልጊዜ አዲስ ታክሲ ነው። ሰልፉ ስለማያልቅ «ጨርሼ አየሁ፣ የለችም» ሊል አይችልም። ብትኖር ኖሮ በአንድ ዓይን ጥቅሻ «አለች» ይል ነበር። «አለች» ማለት ይችላል። «የለችም» ማለት ነው የማይችለው። እኔ ያቃተኝን እንዲልልኝ የመረጥኩት እንደኔው የሚያቅተውን ኖሯል።

«ምን ሆነ?» አለች እትዬ አስካለ።

«እየፈለገ ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም።

«ገላን ድረስ ሄዶ ነው እንዴ?» አለች እትዬ ጽጌ። «ታክሲ አጥቶ ይሆናል፣ ታገሡት።»

ታገሡት። እኔ የጠበቅሁት ጥቂት ቆይተው «በቃ ይቅር» ብለው ይነሣሉ ብዬ ነበር። አልተነሡም። እትዬ ጽጌ ነጠላዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አደረገች። እትዬ አስካለ ጫማዋን አወለቀች። የሚቀጥለው ቡድን ሠልጣኞች መግባት ጀምረው «እዚያ ምን እየታየ ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ እትዬ ጽጌ «ጓደኛችንን እየፈለገልን ነው፣ አትረብሹት» አለቻቸው። ሁለት ሴቶች፣ የማይመጣ ስም፣ የሚጮህ ማሽን።

በመጨረሻ እትዬ አስካለ ቀስ ብላ፣ «ከሌለች ለምን የለችም አይልም?» አለች።

«ማለቴ፣ እሱ… እንደሱ ማለት አይችልም» አልኩ።

«ደግ ነገር ነው» አለች። «እንግዲያው አለች ማለት ነው። አጥፊና እንደገና አስነሺው፤ እኛ አንቸኩልም።»

ቲቸር መስፍን በዚህ መሀል ገብቶ አንድ ጊዜ ማሽኑን አየ፣ አንድ ጊዜ እኔን አየ። ሶኬቱን ነቀለና፣ «ደብተሩ ላይ ጻፊ» ብሎኝ ወጣ። ማሽኑ እስኪነሣ ድረስ ጣቶቼን ጭኔ ስር ቀብሬ ተቀመጥኩ። ከዚያ አውጥቻቸው፣ ሴቶቹ እያዩኝ፣ ከስሞቹ መካከል አራተኛው ላይ «አበራሽ» ብዬ ጻፍኩ። መነጽራቸውን ስላልያዙ ምን እንደጻፍኩ አላነበቡም። እንደገና እንዲፈልግ አዘዝኩት። ገና ጣቴ ሳይነሣ መለሰ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ «አበራሽ፣ አራተኛ።»

እትዬ ጽጌ እልል አለች፤ ሠልጣኞቹ ሁሉ ዞሩ። እትዬ አስካለ በጣቷ ቆጠረች። «ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ… ጥር! የዓመቱ ቂርቆስ!» እኔ አራተኛ ላይ የጻፍኩት እጄ ቀድሞ እዚያ ስላረፈ እንጂ ወሩን አስልቼ አልነበረም። ከአሥራ ሁለቱ ወር ትልቁን ድግስ አራተኛ ፎቅ ላይ አውጥቼው ቁጭ አልኩ።

እትዬ አስካለ እዚያው ስልኳን አውጥታ ደወለች። የእማዬ ድምፅ በስፒከር መጣ። ጥር ያንቺ ነው ስትላት እማዬ፣ «አስኩዬ፣ አራት ፎቅ ነው እኮ» አለች።

«በየፎቁ አንድ አንድ አባታችን ሆይ እየደገምን እንወጣለን!» ብላ ጮኸች እትዬ ጽጌ።

ማታ ቤት ስገባ እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ነገርሻቸው አይደል? እምቢ አሉ አይደል? አትወጪም አሉ አይደል?» አለችኝ። አዎ ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁ። እዩት እንግዲህ፣ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ «እምቢ» የተባለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ማንም አላለውም። እማዬ ግን እስከ ዛሬ በዚያ እምቢታ ትኖራለች። ጌሾው ተገዝቷል፤ ብርጭቆዎቹ ከካርቶን ወጥተው ታጥበዋል፤ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቶች ወንበር ሊያውሱን ቃል ገብተዋል።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው ልመለስ፣ ደብተሩ የተገዛው ለሱ ነውና። ማለቂያ የሌለውን ተራ አስከባሪ «ሁሉንም ታክሲ ባንድ ጊዜ አምጣልኝ» አትበሉት፤ እምቢ አይልም፣ ማሽናችሁ እስኪታፈን ድረስ እየደረደረ ያመጣል። «በመብራት ምክንያት» ብሎ የጻፈው ልጅ ያደረገው ይህንን ነው፤ አይቼዋለሁ፤ መብራቱ እንዳለ ነበር። «የመጨረሻው የቱ ነው?» አትበሉት። «ትልቁ የቱ ነው?» አትበሉት፤ ከዚህ የሚበልጥ ይመጣ ይሆናል እያለ እናንተን ያስረጃል። ሰው ስትፈልጉበትም የፈለጋችሁትን አግኝቶ ከቆመ በኋላ ሰልፉ ወደ መጀመሪያው አይመለስም፤ ያለፈው አልፏል፣ «ቀጣይ» ብትሉት ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው የሚሰጣችሁ። ከሁሉም በላይ ግን ማቆሚያውን ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ አሁን እንዲህ ነው የምጽፈው፤ «አሥራ ሦስት ጊዜ ብቻ ጠይቅ፤ እስከዚያ ካልመጣች የለችም በል።» አንድ መስመር ናት። እሱ «የለም» ማለት ስለማይችል እናንተ ታስተምሩታላችሁ። ለማስተማር ግን መጀመሪያ ራሳችሁ ማለት አለባችሁ።

እዚህ ላይ ፈርሜ ብሄድ ቲቸር መስፍን «ጥሩ ገጽ ነው» ይለኝ ነበር። ግን ከላይ የጻፍኩት አንድ ነገር ሙሉ አይደለም። ብዕር ስለሆነ አይጠፋም፤ እዚሁ ላርመው።

እማዬ ያንን መልእክት የሰጠችኝ እንዲሁ ከመሬት ተነሥታ አይደለም። በፊተኛው ማታ የማኅበሩን ብርጭቆዎች በጋዜጣ እየጠቀለለች፣ ሳታየኝ፣ «ማርቲ፣ ልቆይ ወይስ ልውጣ? አንቺ ምን ትያለሽ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ቆዪ እንድላት ፈልጋ እንደነበር ከድምፅዋ አውቄአለሁ። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ ታክሲውም ስለ ደረጃውም አልነበረም። ማኅበሩ ሲመጣ ጠላ የምቀዳው እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ሴቶች፣ አንድ በአንድ፣ ብርጭቆ እየተቀበሉ፣ «ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?» ይሉኛል። እያንዳንዷ። እኔም አሥራ ሁለት ጊዜ መልስ መስጠት አለብኝ። ያችን ጥያቄ ፈርቼ ነው።

ጥር አሥራ አምስት ደረጃው ላይ ቆሜ እቀበላቸዋለሁ። «ስንተኛ ክፍል?» ሲሉኝ «ስምንተኛ ጨርሼ አቁሜአለሁ» እላለሁ፤ አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ቆጥሬአቸዋለሁ፣ ያልቃሉ። ከመምጣታቸው በፊት ደግሞ ለእማዬ፣ ማንም እምቢ እንዳላለ፣ ማንም እንዳልነገራቸው እነግራታለሁ። የሚከተለውን ግን ለማንም ነግሬው አላውቅም፤ ለእናንተ የመጀመሪያዬ ነው።

«ውጪ በቃ፣ እማዬ» ያልኳት እኔ ነኝ።